የጭጋጉ ቀን አንድ ነጥብ

ኮልዌል ሃርበር፣ ኖቫ ስኮሺያ
ሴፕቴምበር 8 ቀን 1991

ውድ እማማ ስቴፋ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጋሼ ሜትሮስ? እኔና አርዴል፣ ልጆቹም ደህና ነን። ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ሦስት ሳምንት አልፏል፤ ማዘግየቴን ይቅር ይበሉኝ። አርዴል "ለእማማ ስቴፋ ሳትጽፍ ለመራጭ እጅህን ብታውለበልብ ምን ዋጋ አለው?" እያለች በየማለዳው ትነዘንዘኛለች። የትዳር ጓደኛዬን ያውቋታል፤ ነገር ከያዘች አትለቅም።

አዎ፣ የሰሙት እውነት ነው። ለከንቲባነት እየተወዳደርኩ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት በምክር ቤቱ ስለ ውሃ ቧንቧና ስለ በረዶ ጠረጋ ስከራከር ኖሬ፣ አሁን በቃኝ ልል ስል ሰዎቹ ግፊት አበዙብኝ። ምርጫው ኦክቶበር 19 ነው።

ስለ ፖስተሩም የእህትዎ ልጅ የነገረችዎ ትክክል ነው። ያችኑ ፎቶግራፍ ነው ያተሙት፤ የድሮ ቡድኔን፣ የከብት ነጂዎቹን፣ ማሊያ ለብሼ፣ ኳሱን ታቅፌ፣ አንድ ጉልበቴን በረዶ ላይ ያሳረፍኩባትን። ሃያ አራት ዓመት ሆኗት እስካሁን አላረጀችም። ከሥሯ "ይህ ሰው ይንበረከካል" የሚል ጽፈውባታል። በየስልክ እንጨቱ ላይ ተንበርክኬአለሁ።

ባለፈው ሳምንት ዓሣ ማቀነባበሪያው በር ላይ ቆሜ ወረቀት ሳድል አንዲት አሮጊት አስቆሙኝ።

"ፖስተሩ ላይ ያለኸው አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ፣ እናቴ።"

"ምን ጠፍቶህ ነው መሬት ላይ የምትፈልገው?"

አስረዳኋቸው። ኳሱ በእጅም በሚያዝበት በእኛ ፉትቦል፣ ባላጋራ በእግሩ የመታው ኳስ ከግባችን ኋላ ያለው ክልል ውስጥ ሲገባ፣ ኳሱን ያገኘው ሰው ወይ ይዞት ሮጦ ይወጣል፣ ወይ በእግሩ መልሶ ይመታዋል፣ አለዚያም ይንበረከክና ለባላጋራው አንዲት ነጥብ ይሰጣል አልኳቸው።

"አንተ ሰጠህ?"

"ሰጠሁ።"

"ስንት ለስንት ነበራችሁ?"

"አሥራ ሰባት ለአሥራ ሰባት።"

"ሰዓቱስ?"

"ያለቀ ሰዓት ነበር።"

ሴትዮዋ ከላይ እስከ ታች ተመለከቱኝ። "መምህር ነህ አሉኝ፤ ምን ታስተምራለህ?"

"ስፖርት።"

"ሒሳብ አለማስተማርህ ተመስገን ነው" ብለው ወረቀቱን ተቀበሉኝ። ድምፃቸውን እንደሚሰጡኝም ነገሩኝ። እንዲህ ነው እንግዲህ፤ ሰው በራሱ ሲስቅ ይወዱለታል።

ጋሼ ሜትሮ ጠይቂልኝ ስላሉት ነገር ሌላ ቀን እጽፋለሁ። እርስዎ ግን ስለ እሳቸው ጤና አንዲት ቃል አልጻፉም። አራት ገጽ ስለ ጎመንና ስለ ጎረቤት ጽፈው ስለ እሳቸው ዝም ሲሉ ልቤ አልወደደውም።

አክባሪዎ
ዌንደል ታይንስ


ሳስካቱን
ሴፕቴምበር 17 ቀን 1991

ልጄ ዌንደል፣

ሰላምታዬ ይድረስህ። ለአርዴልና ለልጆቹም። ደብዳቤህን ለሜትሮ አነበብኩለት። ወፍጮ ቤቱ ጆሮውን ከወሰደው ወዲህ የማነብለት ጎረቤት እስኪሰማ እየጮህኩ ነው። የሴትዮዋ ቀልድ ጋ ስደርስ ይስቃል ብዬ ቀና አልኩ። ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሯል።

ስለ ጤናው ያልጻፍኩት ከጻፍኩት እውነት የሚሆን ስለመሰለኝ ነው። ሆዱን ነው። ጉበቱ ጋ ደርሷል። ዶክተሩ ፂሙ እንኳ በደንብ ያልወጣ ልጅ ነው፤ "በረዶ ሲጥል ያየዋል?" ብዬ ብጠይቀው "የመጀመሪያውን ምናልባት" አለኝ። እዚህ ደግሞ የመጀመሪያው በረዶ እንደማይዘገይ ታውቃለህ።

ስለዚህ "ሌላ ቀን" አትበለኝ። ባለፈው ደብዳቤ የላክሁልህን ጥያቄ እኔ ራሴ ምን እንደሆነ ሳላውቅ ነበር የላክሁት። "ያን ቀን ቀና ሲል ምን አየ?" ብለሽ ጠይቂው አለኝ፤ ጻፍኩ። ለምን እንደጠየቀ የነገረኝ ግን ባለፈው ሐሙስ ነው። ድንች እየላጥኩ ነበር። "ስቴፋ፣ ቢላዋውን አስቀምጪ" አለኝ። አስቀመጥኩ። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት አብሬው ስኖር እንዲህ ብሎኝ አያውቅም።

ነገሩ የምዕራቡ ክልል ፍጻሜ ቀን ነው፣ ከሌትብሪጅ ቡድን ጋር የተጫወታችሁ ጊዜ። ብርዱ ከዜሮ በታች ሠላሳ ነበር፤ የሰው ትንፋሽ ሜዳው ላይ ጭጋግ ሠርቶ ከመቀመጫው ሆኖ ሜዳውን ማየት አልተቻለም። እኔ ራሴ ብርድ ልብስ ተከናንቤ ዝም ብዬ ሰው ሲጮህ እጮህ ነበር። ሜትሮ እንደ ሁልጊዜው የነጥብ ሰሌዳው መሰላል ላይ ነው። ሌላ ቀን ከጋዜጠኞቹ ክፍል ነጥቡን በስልክ ይነግሩትና ቁጥር የተጻፈበትን ቆርቆሮ ይሰቅላል። ያን ቀን የስልኩ ሽቦ በብርዱ ተበጥሶ ነበር። የድምፅ ማጉያውም ዝም ብሏል። በዓይኑ እያየ ነው የሰቀለው።

የጨዋታው ሦስተኛ ሩብ ሲጀመር ቡድኖቹ ጎን መቀያየራቸውን ረሳ። በዚያኛው ጫፍ አንድ ኳስ ተመቶ ገባ። በጭጋጉ ውስጥ የታየው የዳኛው አንድ ጣት ብቻ ነው። አንዲት ነጥብ። የመቱት ሌትብሪጆች ነበሩ፤ ሜትሮ ግን የእኛ ልጆች መስለውት ነጥቧን በእኛ በኩል ሰቀላት። ስለዚህ መጨረሻ ላይ አሥራ ሰባት ለአሥራ ሰባት የነበረው ነገር በሰሌዳው ላይ አሥራ ስምንት ለአሥራ ስድስት ሆነ። ስህተቱን ያወቀው የሌትብሪጅ ልጆች ሲጨፍሩ ሲያይ ነው። ቁጥሮቹን ለወጣቸው። ማንም አላየውም።

መጨረሻ ላይ ኳሱን ተከትለህ ከሰሌዳው ሥር ስትደርስ ቀና አልክ። ሜትሮ ከላይ ፊትህን አይቶታል። ኳሱም የሚወርደው ከላይ ነበር። ኳሱን አየህ ወይስ ሰሌዳውን? ሰሌዳውን አይተህ ከሆነ በሁለት የምንመራ መስሎህ አንዷን ሰጥተህ ጨዋታውን ልትዘጋ ነው የተንበረከክኸው። ማንም ጥሩ ተጫዋች የሚያደርገውን ነው ያደረግኸው። ኳሱን ከሆነ ያየኸው ስህተቱ ያንተ ነው፣ እሱ የለበትም።

ይህን ሳላውቅ መሞት አልፈልግም ይላል። ሰሌዳውን አይቶ ከሆነም ለጋዜጣው እጽፋለሁ፣ ስሙን አጸዳለሁ ይላል። መሰላል ላይ መውጣት አቅቶት አሁን ጋዜጣ ላይ ሊወጣ ነው።

እናትህ
ስቴፋ ኮሮሉክ


ኮልዌል ሃርበር
ሴፕቴምበር 26 ቀን 1991

ውድ እማማ ስቴፋ፣ ውድ ጋሼ ሜትሮ፣

ደብዳቤዎ በደረሰኝ ቀን ሁለት የቅስቀሳ ስብሰባ ነበረኝ፤ ሁለቱንም ሰረዝኩ። ስለ ጋሼ ሜትሮ የጻፉትን አርዴል ናት ያነበበችልኝ፤ እኔ መጨረስ አልቻልኩም።

ለጥያቄዎ መልሴ አጭር ነው። ሰሌዳውን አላየሁም። በዚያ ጭጋግ ምን ይታያል? ያየሁት ኳሱን ነው። ሦስተኛው ሩብ ሲጀመር አገጬ ተሰንጥቆ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ እየሰፉኝ ስለነበር ሌትብሪጆች ያገቧት ነጥብ አመለጠችኝ። ወጥቼም ማንንም አልጠየቅኩም። ቆጠራው ጠፋብኝ። ለአሰልጣኙም ያኔ የነገርኩት ይህንኑ ነው። ስህተቱ የኔ ነው፣ ጋሼ ሜትሮ። ይረፉ።

ለጋዜጣው የሚጻፍ ምንም ነገር የለም። እባክዎ። አሁን ቢጻፍ እዚህ ያሉት ባላጋራዎቼ "በታመመ ሽማግሌ ጀርባ ተደበቀ" ይሉኛል። እኔ ያቺን ፎቶግራፍ ለምጃታለሁ፤ ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ተጫውቼ፣ ሁለት ጊዜ የቡድኑ አምበል ሆኜ፣ ሰው ስሜን ሲሰማ መጀመሪያ የሚያስታውሳት እሷን ነው። ይሁን። እንጀራዬን አልነጠቀችኝም።

እኔ እሳቸውን የማስታውሳቸው በሌላ ቀን ነው። በ1965 ኦገስት፣ በቡድኑ አውቶቡስ ከወረድኩ አራተኛ ቀኔ ነበር። ጋዜጣ ላይ የወጣውን የኪራይ ክፍል ሁሉ አንኳኩቼ፣ ጥቁር ፊቴን ሲያዩ "ተይዟል" እየተባልኩ ሻንጣዬን ይዤ እናንተ ደጃፍ ደረስኩ። ጋሼ ሜትሮ ዱቄት እንደለበሱ ከወፍጮ ቤት እየገቡ ነበር። "ክፍሉ ተይዟል?" አልኳቸው፤ እኔው ቀድሜ። "አዎ" አሉኝ። "ተይዟል። ባለቤቴ ለአንድ ፉትቦል ተጫዋች ይዛዋለች። ግባ፣ ሾርባው ይቀዘቅዛል።"

ይህንን ያስታውሱልኝ። ሌላውን ይተዉት።

ልጅዎ
ዌንደል


ሳስካቱን
ኦክቶበር 5 ቀን 1991

ልጄ፣

ያለ ሰላምታ መጀመሬን ይቅር በለኝ። ተናድጃለሁ፤ በማን እንደሆነ ግን አላወቅኩም።

ደብዳቤህን አነበብኩለት። አልጋው ላይ ቀና ብሎ ተቀምጦ ሰማኝ። ስጨርስ "ይዋሻል" አለ።

"ምን ብሎ ይዋሻል? ቆጠራው ጠፋብኝ አለ እኮ።"

"ዌንደል? ቆጠራ ጠፋበት?" ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ዞረበትና ውሃ አጠጣሁት። "ሦስት ክረምት ሙሉ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ክሪቤጅ የሚባለውን ካርታ ተጫውተናል። እኔ ካርታዬን ሳልገልጥ የኔን ነጥብ ቆጥሮ የሚጨርስ ልጅ ነው። ሳልቆጥራት ያለፍኳትን ነጥብ ለራሱ መውሰድ ደንቡ ይፈቅድለታል፤ አንድ ቀን ወስዶብኝ አያውቅም። 'ጋሼ፣ አንዲት ረስተዋል' እያለ በኔ በኩል ያስመዘግባት ነበር። ይኼ ነው ቆጠራ የጠፋበት?"

"ታዲያ ምን ይሻልሃል? የለህበትም ተባልክ፤ ተኛ።"

ያኔ ማልቀስ ጀመረ፣ ዌንደል። ሜትሮ። ወንድሙን ሲቀብር ያላለቀሰው። "አልገባሽም" አለኝ። "ጥፋተኛ ነህ ቢለኝ እሸከመዋለሁ፤ ሃያ አራት ዓመት ተሸክሜዋለሁ። ሊሸፍነኝ ብሎ ራሱን ጅል ሲያደርግ ግን፣ እንደ እንግዳ ነው የሚያስተናግደኝ። ልጅ አባቱን እንዲህ አያስተናግድም።"

ከዚያ ቀን ወዲህ ምግብ እምቢ ብሏል። ከትናንት በስቲያ ሾርባ አቀረብኩለት፤ ሁለት ማንኪያ ቀምሶ መለሰው።

ለጋዜጣው የሚሄደውን ደብዳቤ አጽፎኛል። ፈርሞበታል፤ ፊርማው ገጹን አቋርጦ ይሄዳል። ዌንደል ካልፈቀደ አልልከውም ብዬ ግድግዳው ላይ ካለው ሰዓት ሥር ሸጉጬዋለሁ። በስልክ አትንገረው፤ አይሰማም፣ እኔ ደግሞ እንዲህ ያለውን ነገር መጮህ አልፈልግም። ጻፍለት። ለኔ ሳይሆን ለእሱ ጻፍ።

ውጭው እስካሁን ደረቅ ነው። በየማለዳው መጋረጃውን ስከፍት እፈራለሁ።

ስቴፋ


ኮልዌል ሃርበር
ኦክቶበር 11

እማማ ስቴፋ፣

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። አራት ጊዜ ጀምሬ ቀደድኩት። እዚህ ዝናብ ነው፤ ፖስተሮቹ እየተላጡ ነው፤ ግማሹ ላይ ጉልበቴ ብቻ ቀርቷል። ነገ እጽፋለሁ። በእውነት ነገ።

ዌንደል


ኮልዌል ሃርበር
ኦክቶበር 12 ቀን 1991

ጋሼ ሜትሮ፣

አይቻለሁ።

ኳሱ ከጭጋጉ ውስጥ ሲወጣ ከራሴ በላይ አልፎ ነበር። ዞሬ ሮጥኩ። ደረቴ ላይ ሲያርፍ ዓይኔ ከሰሌዳው ጋር ተገጣጠመ፤ ከዚያ ጥግ ሲሆኑ ጥርት ብሎ ይታይ ነበር። አሥራ ስምንት ለአሥራ ስድስት። አገጬን ሲሰፉኝ አንዲት ነጥብ እንዳመለጠችኝ የጻፍኩልዎ እውነት ነው፤ የማን እንደነበረች የነገረኝ ግን ሰሌዳው ነው። ሰዎቹ እየጮሁ ነበር፤ አሰልጣኙም "ምታው! ምታው!" ይል እንደነበር በኋላ ነው የነገሩኝ። እኔ ግን በሁለት እየመራን ለምን ልምታው? ቢያመልጠኝስ? አንዷን ሰጥቼ ብንበረከክ አለቀ፤ ለዋንጫው ጨዋታ አለፍን። ደስ እያለኝ ነው የተንበረከክሁት፣ ጋሼ። በሕይወቴ እንደዚያን ሰከንድ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ከዚያ ሌትብሪጆቹ መጨፈር ጀመሩ። ቀና አልኩ። እርስዎ መሰላሉ ላይ ነበሩ። ቆርቆሮዎቹን እየነቀሉ ነበር።

ያን ቀን ማታ ቤት ስገባ ካፖርትዎን ሳያወልቁ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጠው ነበር። አውራ ጣትዎ በመሐረብ ተጠቅልሏል፤ ቆርቆሮው ላይ ቆዳዎ ተጣብቆ እንደቀረ ገባኝ። አንድ ነገር ይሉኛል ብዬ በሩ ላይ ቆምኩ። እርስዎም አንድ ነገር እስክል ድረስ ጠበቁኝ መሰለኝ። በመጨረሻ "ሾርባው ይቀዘቅዛል" አሉኝ። ተቀምጬ በላሁ። ከዚያች ሾርባ በኋላ ለሁለታችንም መንገዱ የተዘጋ መሰለኝ።

ያኔ ስምዎን ብጠራ ምን ይሆን እንደነበር ያውቃሉ። ወፍጮ ቤት ከእርስዎ ጋር ጆንያ የሚሸከሙት ሰዎች ግማሽ ደመወዛቸውን በዚያ ጨዋታ አስይዘው ነበር። የኔን መኪና መስኮት ሰበሩ። የእርስዎ ደግሞ የቤት መስኮት ነው፤ ከኋላው እማማ ስቴፋ ይቀመጣሉ።

ይህ ግን ግማሹ ነው። ባለፈው ደብዳቤ ውሸት ጻፍኩልዎ፤ አሁን ግማሹን እውነት ብቻ ብጽፍ ያው ውሸት ነው። ተቆጥቼብዎ ነበር። በጣም። በዚያ ክረምት እንጀራዎን እየበላሁ፣ ካርታ እየተጫወትኩ፣ በልቤ "ይናገር፣ አንድ ቀን ይናገር" እል ነበር። አልተናገሩም። በ1968 ፀደይ ወደ ሌላ ቤት የተዛወርኩት ለስታዲየሙ ስለሚቀርበኝ ነው ብዬ ነበር። ውሸት ነው፤ ከእናንተ ቤት ይልቅ ከስታዲየሙ የሚርቅ ቤት ነበር። ፊትዎን ማየት ስላቃተኝ ነው። እማማ ስቴፋ የፋሲካውን ቅርጫት በአውቶቡስ አሳፍረው እዚያ ድረስ ባይልኩልኝ ኖሮ ተመልሼ በራችሁን የማንኳኳ አይመስለኝም። የአሳማ ሥጋና ቀለም የተቀቡ እንቁላሎች ነበሩበት። አንደኛው እንቁላል ላይ በቀለም የማሊያ ቁጥሬ ተጽፎ ነበር፤ ሃያ ሁለት። የእርስዎ የእጅ ጽሑፍ ነበር። እሱን እንቁላል ይዤ አልጋው ላይ ተቀምጬ ቁጣዬን ፈለግኩት። አጣሁት።

ከዚያ በኋላ ዝም ያልኩት ስለለመድኩት ነው። እውነቱን ለመናገር ጠቅሞኛል። በራሱ የሚስቅ ሰው ድምፅ ያገኛል።

በዚህ ፖስታ ውስጥ አንድ ፎቶግራፍ አለ። ፎቶ አንሺው ኮርቤት በዚያው ሳምንት የሰጠኝ ነው። ጋዜጣው ከማተሙ በፊት ላይኛውን ክፍል ለቦታ ሲል ቆርጦ ጥሎታል፤ ይህ ያልተቆረጠው ነው። ከኔ በላይ ሰሌዳው አለ። ከሰሌዳው አጠገብ መሰላል ላይ አንድ እጁ ጓንት የሌለው ሰው አለ። ለማንም አሳይቼው አላውቅም፣ ለአርዴልም። ዛሬ አሳየኋት። ብዙ ካየችው በኋላ "ሁለታችሁም ብርድ ላይ ናችሁ" አለችኝ።

ልጅዎ
ዌንደል


ሳስካቱን
ኦክቶበር 20 ቀን 1991

ልጄ ዌንደል፣

ሰላም ላንተ፣ ሰላም ለቤትህ። ትናንት ምርጫህ እንደነበር አልረሳሁም፤ ሻማ አብርቻለሁ። ውጤቱን ጻፍልኝ።

ደብዳቤህ ማክሰኞ ደረሰ። "ለእሱ ነው" ብዬ ልሰጠው ስል "ያንቺ ድምፅ ይሻለኛል" አለኝ። "አይቻለሁ" የሚለውን አንብቤ ቀና ስል እጁን እያነሳ ነው፤ ቆይ ማለቱ ነው። ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ "ድገሚው" አለ። ደገምኩት። ሦስት ጊዜ አስደገመኝ፤ ጎረቤታችን የሆነ ነገር የተፈጠረ መስሏት መጥታ በር አንኳኳች።

ተቆጥቼብዎ ነበር ያልከው ጋ ስደርስ ድምፄን ዝቅ አደረግኩ፤ እንዳይሰማው። "ምን አለ? ምን አለ? ጮክ በይ!" አለኝ። ጮክ አልኩ። አልጋውን በእጁ መታው። "እሰይ!" አለ። "ተቆጥቷል! ሰው ነው እንዴ ይኼ ልጅ እያልኩ ስንት ዘመን ፈራሁት። ከቤት የወጣው በኔ እንደሆነ አውቄው ነበር፤ አልነገርኩሽም እንጂ አውቄ ነበር።"

ከዚያ ፎቶውን በማጉያ መነጽር አየው። ራሱን መሰላሉ ላይ ሲያገኘው ምን ያለ መሰለህ? "ስቴፋ፣ ስምንቷ ቀጥ ብላለች። በዚያ ብርድ፣ በአንድ እጅ። ቀጥ አድርጌ ነው የሰቀልኳት" አለ። "በተሳሳተው በኩል ነዋ!" አልኩት። "በተሳሳተው በኩል" አለ፣ "ግን ቀጥ ብላለች።" ሁለታችንም ሳቅን፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለን። ማታውን አንድ ሳህን ሙሉ ሾርባ ጠጣ፤ ድንች የተሞላ ፒሮጊም ሁለት በላ። ነገ እንደሚያመው እያወቀ።

ለጋዜጣው የተጻፈውን ምን እናድርገው ብዬ ጠየቅኩት። "የዌንደል ነው፤ እሱ ይዘዝበት" አለኝ።

ከዚህ በታች ያለው የእሱ ነው፤ እንዳለኝ ጽፌዋለሁ።

"ዌንደል። ስታዲየሙ ሲፈርስ ቆርቆሮዎቹን እኔ ነኝ የወሰድኳቸው። የዶሮ ቤቱን ቀዳዳ ደፍኜባቸዋለሁ። አንዷን ብቻ አስቀርቻታለሁ፤ 'አንድ' የምትለውን። ስትመጣ ስቴፋ ትሰጥሃለች። የምትመጣው ለቀብሬ ከሆነ ደግሞ ልብ በል። የኛ ሰዎች ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መንበርከክ ይወዳሉ። አንተ እንዳትንበረከክ። ነጥብ ይቆጥሩብሃል። ሜትሮ።"

ይህን ብሎ ራሱ በራሱ ቀልድ እንዴት እንደሳቀ ብታየው።

ስቴፋ


ኮልዌል ሃርበር
ኦክቶበር 25 ቀን 1991

ውድ እማማ ስቴፋ፣

ተሸነፍኩ። በሁለት መቶ አሥራ አራት ድምፅ። ለጋሼ ሜትሮ ይንገሩልኝ፤ ይህን ጊዜ ሰሌዳው ትክክል ነበር፣ አጣርቻለሁ።

አይዘኑልኝ። የዓሣ ማቀነባበሪያዋ ሴትዮ ቤት ድረስ መጥተው "ልጄ፣ ሒሳቡ እንደገና ጠፋብህ?" ብለው የሰማያዊ እንጆሪ ኬክ አምጥተውልኛል። የምክር ቤት ወንበሬን ለውድድሩ ብዬ ስለለቀቅኩ አሁን ማክሰኞ ማታ ምንም ሥራ የለኝም። ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ነፃ ሰው ነኝ። ስለዚህ የአውሮፕላን ቲኬት ቆርጫለሁ፤ ኖቬምበር 2 ቀን ሳስካቱን እገባለሁ። የክሪቤጁን ነጥብ መቁጠሪያ ሰሌዳ ያዘጋጁልን። ዘንድሮ የረሷትን ነጥብ እወስድባቸዋለሁ፤ ይንገሩልኝ።

ለጋዜጣው የተጻፈውን አይላኩት፤ እንዳያቃጥሉትም። ለኔ ያስቀምጡልኝ። የእሳቸው ፊርማ ያለበት ሌላ ወረቀት የለኝም።

ልጅዎ
ዌንደል


ኮልዌል ሃርበር
ኤፕሪል 27 ቀን 1992

ውድ እማማ ስቴፋ፣

ክረምቱን በሰላም በመውጣትዎ ደስ ብሎኛል። ከዚያ ወዲህ በስልክ እንጂ በደብዳቤ አላገኘሁዎትም፤ ይቅር ይበሉኝ። እስክሪብቶ ሳነሳ "ጋሼ ሜትሮስ እንዴት ናቸው?" ብዬ ልጀምር እልና አስቀምጠዋለሁ።

ጋሼ ሜትሮ በሁለት ቀን ቀደሙኝ። ኦክቶበር 31 ቀን እርስዎ ደውለው "በረዶ እየጣለ ነው" ሲሉኝ ቀሪውን ሳይነግሩኝ ገባኝ። አይተውት እንደሆነ ብቻ ነበር የጠየቅኩዎት፤ "መጋረጃውን ከፍቼለት ነበር" አሉኝ። ብዙ ጊዜ አስበዋለሁ።

ለጥያቄዎ መልሱ፣ አዎ፣ እኔ ነኝ። ቄሱን ስለ እኔ ይቅርታ ይጠይቁልኝ። በረዶው ሲቀልጥ መቃብሩ መስቀል ላይ የዛገ ቆርቆሮ ተሰቅሎ ማየት ደስ እንደማይል ይገባኛል። ግን እባክዎ እንዳያነሱት ይንገሯቸው። ነገሩ እንዲህ ነው።

በፍታቱ ሰዓት ሕዝቡ ሁሉ ሲንበረከክ ቆሜ ነበር፤ አይተውኛል። ከኋላዬ የነበሩት ሽማግሌ "ይኼ ባፕቲስት ነው፣ ተዉት" ሲሉ ሰማኋቸው። ከኋላቸው ደግሞ አንዱ "ኧረ ዌንደል ታይንስ ነው! የማይሆን ቀን ነው እንዴ የሚቆመው?" አለ። ሳቄን ለመያዝ ጥርሴን ነከስኩ። ጋሼ ሜትሮ ይህን ቢሰሙ ምን ይሉ ነበር! አንደኛውን ጸሎት ቆሜ ጨረስኩ። ሁለተኛውንም። ቃል ቃል ነው ብዬ።

መቃብሩ ጋ ሁሉም ሰው ወደ ምሳው ሲሄድ "እመጣለሁ" ብዬዎት ወደኋላ ቀረሁ። ብርዱ ያን ቀን እንደነበረው ነበር ማለት ይቻላል፤ ጭጋግ ግን አልነበረም፣ ከዳር እስከ ዳር ይታያል። የሰጡኝን፣ 'አንድ' የምትለውን ቆርቆሮ ከካፖርቴ ውስጥ አውጥቼ ይዣት ቆምኩ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ እማማ። ተንበረከክሁ። ማንም አላየኝም።

እንግዲህ ደንቡ ደንብ ነው። የተንበረከከው እኔ ነኝ፤ ነጥቧም የሌላው ወገን ናት። ጓንቴን አውልቄ መስቀሉ ላይ ሚስማር ፈልጌ ሰቀልኳት። ጣቴ ትንሽ ተጣበቀ። ቀጥ ማለቷን ሁለት ጊዜ ወደኋላ ሄጄ አይቻለሁ።

ይህን ጊዜ በትክክለኛው በኩል ናት።

ልጅዎ
ዌንደል